ከእሳት የወረደው ቅባት

ሠርክአዲስ ጓዳዋ ውስጥ፣ መደቡ ላይ በጎኗ እንደተጋደመች ሞታ ተገኘች። አጠገቧ የከሰል ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ የቡሬን ሴቶች ሁሉ ያሰለፈው የፊት ቅባቷ ተጥዷል። መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል።

ኢንስፔክተር ዓለምብርሃን ከፍኖተ ሰላም ሲደርስ ቅባቱን የምትሸጠው ባለሱቋ ናዚፋ ታስራ ጠበቀችው። ጠዋት ከሟቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ኢንስፔክተሩ ያሰሯትን ሁለት ፖሊሶች አየት አደረገና፣ «ጮክ ብሎ የተናገረ ሁሉ ገዳይ ነው በሏ!» አላቸው።

ጓዳውን ሲያይ ሳህን ላይ ተጨምቀው የተጣሉ አረንጓዴ የቫይታሚን እንክብሎች አገኘ።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለች ናዚፋ። «የባለፈው ቅባት ሙቀት ሲያገኘው ዘይቱ ከሰሙ ተለይቶ ፈሰሰብኝ። ሰሙን አብዢው አልኳት። እንክብሉንም ያመጣሁላት ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቢጫው ጠፍቶ አረንጓዴውን ገዛሁ። ጉንፋን ጥሏት ነበር፣ ‹ይኸን ልጨርስና እተኛለሁ› አለችኝ። ጌታዬ፣ እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

ሬሳውን ስድስት ሰዓት ላይ ያገኘችው የሟቿ ረዳት እጅጉ ነበረች።

«የቅባቱን አሠራር ንገሪኝ» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ሰሙ በሰሊጥ ዘይት ይቀልጣል፤ ድስቱ ይወርዳል። የእጅ ጀርባ ሲችለው ያኔ እንክብሉ ይጨመቅበታል። ቫይታሚን እሳት አይወድማ! እሷ ምድጃውን ወደ ደጅ ሳታወጣ እንክብል አትነካም።»

የሟቿ ባል ወንዳወቅ ከቢሮ የደረሰው ክፍሉ ከታሸገ በኋላ ነው፤ ማንም አላስገባውም። ከረባቱን አስተካክሎ ቀረበ።

«እኔ የሴት ቅባት ስር አልርመጠመጥም፣ ጌታው። ሁለት ሰዓት ላይ ስወጣ እሳቱ ላይ ጥዳ ያንን አረንጓዴ እንክብሏን ትጨምቅበት ነበር። ጭሱ ይገድልሻል ብላት መች ሰማችኝ?»

ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«እንክብሉ ተጨምቋል። ስለዚህ ቅባቱ ከእሳት ወርዷል፣ ምድጃው ወጥቷል፣ ሴትዮዋም ተኝታለች። ከዚያ አንድ ሰው በጭሱ እንድትታፈን መስኮቱን ወትፎ ከሰል አቀጣጥሎ አስገባ፤ ስትሠራ የሞተች እንዲመስል ያለቀውን ቅባት መልሶ ጣደው። ናዚፋና እጅጉ ያለቀ ቅባት እሳት ላይ እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ እንዲህ አይጃጃሉም። ይህ ሥራውን የናቀ ሰው ሥራ ነው።»

«ግምት!» አለ ወንዳወቅ።

«እሺ፣ ግምት ይሁን። እንክብሉ እዚህ ቤት የገባው ሦስት ሰዓት ነው። እርስዎ በሁለት ሰዓት ወጥተዋል፤ የታሸገውንም ክፍል አላዩም። አረንጓዴ መሆኑን የት አዩት?»

ኢንስፔክተሩ አንቱታውን ጣለው።

«ተመልሰህ መጥተሃል። ለምን ገደልካት?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ቢሮ ተቀምጬ...» ድምፁ ተሰበረ። «ገበያው ሁሉ ‹የቅባቷ ባል› ይለኛል! እኔ ስም የለኝም?»

ካቴናው ከናዚፋ እጅ ወጥቶ ለእሱ ተጠለቀ። እሷ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ልጆቿ ሮጠች።

ወንዳወቅ ወደ ኢንስፔክተሩ ጠጋ ብሎ፣ «እባክዎ፣ በውስጥ መንገድ ይውሰዱኝ። ዛሬ ገበያ ነው» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ዓለምብርሃን፤ የግቢውን በር ወደ ገበያው በኩል ከፈተና፣ «ቅደም» አለው።