ሽቦው ተነቅሎ ሳለ

ምክንያቱን ሳላገኝ የማልቀመጥ ሰው ነኝ፣ ስልክ መጠገንን እንኳ ያለ አስተማሪ ፈትቼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት፣ ጥላ ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚሉትን ወሬ አምኜው አላውቅም፣ ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ይህን አስብልኝ።

ወረታ ከተማ ኑግ በሚገዛ የንግድ ቤት ስሠራ ከቁሐር ሚካኤል መጋዘናችን ጋር የሚያገናኘን ያረጀ የስልክ መስመር ነበረን። የዚያ ጠባቂ አያ ፈንቴ ልጅም ዘመድም የሌላቸው፣ መጋዘኑ ውስጥ የሚያድሩ ሽማግሌ ነበሩ። ስልክን እንደ ሰው ደጅ ስለሚያከብሩት ሲደውሉ «ቤቶች» ይላሉ፣ «ይግቡ» ካልተባሉ ወሬ አይጀምሩም፣ እመነኝ፣ አንድ ቀን ዝም ብላቸው እኔው እስኪደክመኝ ጠበቁ።

አንድ ክረምት የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ጠሩኝ።

«ስልኮቹን ብቻ ልቀይር ወይስ መስመሩን በሙሉ?»

«ሽቦውን የተሸከሙት እንጨቶች ዘመዋል እትዬ፣ ከብቱ እየታከከባቸው።»

«ለካ ለከብት ማከኪያ ስገዛ ኖሬያለሁ። አስብና ጻፍልኝ፣ የጻፍከውን እፈርማለሁ።»

ስልኮቹ ብቻ ካልኩ፣ መስመሩ የሚያልፍበት ሜዳ ጎርፍ ስለሚተኛበት፣ በየክረምቱ የወደቀ እንጨት ለማንሣት ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አምና አንዱ ለጥቂት ተርፏል። በሙሉ ካልኩ፣ መስመሩ በመኪናው መንገድ ወደ ሐሙሲት ይዞራል፣ መጋዘኑም ወደዚያ ስለሚዛወር የቁሐሩ ይዘጋል፣ አያ ፈንቴ ማደሪያ ያጣሉ።

ከሰዓት በኋላ የእኛን ስልክ ልመረምር ፈታሁት፣ ሁለቱን ሽቦዎች ነቀልኩ፣ የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ደወሉ ቅጭል አለ። ነክቼው ይሆናል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ፣ ደገመው። እጀታውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ፣ ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፣

«ቤቶች።»

«ይግቡ» አልኩ፣ ልማድ ነው።

«ሽቦው ሊነሣ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው ልጄ?»

አንድ ቃል አልወጣኝም፣ ይህን አጥብቄ እነግርሃለሁ፣ ጸጥ እስኪል ይዤው ቆምኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጭቃውን አቋርጬ ቁሐር ወረድኩ። አያ ፈንቴ ቁርበታቸውን ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዘገየህ» አሉኝ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«አንተ ዘንድ ነዋ። ትናንት በስልኩ ‹አያስቡ አያ፣ ከእኔ ጋር ይኖራሉ› አላልከኝም? ማንኮራፋቴን ግን ከአሁኑ ልንገርህ።»

አላልኩም፣ አላሰብኩትምም። ፊታቸውን አየሁና ጥቅልሉን ተሸከምኩ።

መስመሩ በሙሉ ይቀየር ብዬ ጻፍኩ። አያ ፈንቴ ይኸው ከእኔ ጋር አራተኛ ክረምታቸው ነው፣ በእውነትም ያንኮራፋሉ፣ ጠዋት ጠዋት ስለዚያ ቃል ይመርቁኛል፣ እኔም ምርቃቱ ለማን እንደሚደርስ ሳላውቅ አሜን እላለሁ።