የእናትፋንታ ጉንጭ

ዶክተር ምንታምር የእናትፋንታን ጉንጭ ቁርስ ልታበላ ብትገባ ብጉር አውጥቶ ጠበቃት።

ጉንጩ ያለው ቆዳ ማሳ ውስጥ ነው። ቆዳ ማሳ የሚሉት ከሰው ገላ የተወሰደ ጥቂት ህዋስ በመስታወት ሣጥን ተዘርቶ፣ ለብ ያለ ፈሳሽ እየጠጣ ወደ ሙሉ ቆዳ የሚያድግበትን መደብ ነው። በአዳማው የቆዳ ማሳደጊያ ማዕከል እንዲህ ያሉ ሣጥኖች መደርደሪያውን ሞልተውታል። በአንዱ አፍንጫ፣ በሌላው መዳፍ ይበቅላል፤ ሠራተኛውም በአጠገባቸው ስለ ታክሲ ሰልፍ እያወራ ያልፋል። ብጉር ግን በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም።

የማዕከሉ ኩራት ልስልስ ያለ ቆዳ ነው። ሲያዩት ያምራል። ሰው ፊት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን ይደርቅና እንደ በጋ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ባትሪ ፈንድቶ ፊቷን ላቃጠላት ለአሥራ ሰባት ዓመቷ እናትፋንታ ሁለት ጊዜ ተለጥፎላት፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሰነጣጥቆ ተነሥቷል። ሦስተኛው ይህ ነው። ከእሷ ሊወሰድ የሚችለው ህዋስ በዚህ አልቋል፤ ከተበላሸ ሌላ የለም። ለዚህ ነው ምንታምር የማዕከሉን የተለመደ ፈሳሽ ትታ፣ የልጅቷን ደም የሚመስል፣ የጉርምስና ሆርሞኗ ሁሉ ያለበት ሌላ ፈሳሽ የቀመመችው።

ገና ጎንበስ ብላ ሳታየው ፈታሽ ቀይ መብራቱን አበራ። ፈታሽ የየቆዳውን ጤና የሚመረምር መሣሪያ ነው።

«ቆሻሻ ተገኝቷል። ይህ ቆዳ ይቃጠላል» አለ በዚያ ትሕትና በተሞላ ድምፁ። «ለባለጉዳይዋ የሚሰጥ ምክር፦ ቅቤና ጮማ ይተዉ። ፊትዎን ቶሎ ቶሎ በሳሙና ይሹ። ትዳር ቢይዙም ይረዳል።»

ፈታሽ እውቀቱን የቀሰመው ሰው ስለ ቆዳ ከጻፈውና ካወራው ሁሉ ነው። ምስኪን፣ ያወራነውን በሙሉ አምኖናል።

ማቃጠያው የሚጠብቀው የኃላፊውን የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነበር። ኃላፊው ዶክተር ልሳነወርቅ ቀይ መብራቱን አይተው እየተጣደፉ መጡ።

«ማነው በቆሸሸ እጅ የነካው?»

«ማንም። አየር እንኳ ያለ ማጣሪያ አልገባበትም» አለች ምንታምር።

«እንግዲያው ፈሳሽሽ ቅባት በዝቶበታል።»

«ጠብታም የለበትም። ዶክተር፣ ይህ ጉንጭ ቅቤ አልበላ፣ አቧራ አልነካው። ለትዳርም ቢሆን መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ማንን ያያል?»

ልሳነወርቅ አልሳቁም። «ቢያንስ በአልኮል ይታሽና እንየው።»

«ቢታሽ ይቆስላል። አንድ ነገር ልሞክር፤ ከዚያ እንዳሉት ይሁን።»

ጓንቷን አጥልቃ ሣጥኑን ከፈተች። ስስ ወረቀት በጉንጩ ላይ ለጥፋ፣ ትንሽ ቆይታ፣ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ጠብታ ታየ። ዓመታት ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ነገር በእጇ ነበር።

«ወዝ ነው፣ ቆዳው ራሱ ያመነጨው ቅባት» አለች። «የወዝ ዕጢው ሠርቷል። ብጉር እኮ ቆሻሻ አይደለም። ሆርሞኑ ዕጢውን ያበረታዋል፣ ወዙ ይበዛል፣ ቀዳዳው በሞተ ህዋስ ሲደፈን መውጫ ያጣል። እኛ ስናሳድግ የኖርነው ወዝ የሌለው ቆዳ ነው፤ ደርቆ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ብጉር ያላወጣልን ንጹሕ ስለሆነ መስሎን ነበር።»

ልሳነወርቅ ሌላ ወረቀት አነሡና አጠገባቸው ያለውን እንከን የለሽ አፍንጫ ነኩበት። ወረቀቱ ደረቅ ነበር። ቀጥለው በሦስተኛ ወረቀት የገዛ ግንባራቸውን ነኩ፤ ወዛ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው አስተያዩ። አሻራቸውን ሲያሳርፉ ግን የተጫኑት ማቃጠያውን ሳይሆን የይለፍ ቁልፉን ነበር።

«ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ጥሪያቸው» አሉ። «ልጅቷ ለምን ትጠብቃለች?»

ወሬው ከምሳ በፊት ሕንፃውን አዳረሰ። ሠራተኛው ሁሉ ብጉሩን ሊያይ ተሰለፈ፤ ከመዝገብ ክፍል የመጣች አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ምንታምር በሣጥኑ አጠገብ ቆማ፣ እናት የተወለደላትን ልጅ እንደምታሳይ ታሳይ ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋንም ለመደበቅ አልሞከረችም።

ቆዳው ተለጠፈ። የበጋው ደረቅ ነፋስ መጥቶ ሄደ፣ ጉንጩም አልተሰነጠቀም። እናትፋንታ አፏን ሞልታ መሳቅ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ግን ምንታምር ልትጠይቃት ስትሄድ፣ በአዲሱ ጉንጯ ላይ ቀይ ብጉር ጉች ብሎ አየች። ደነገጠች። ያ ሁሉ ሰው እልል ያለለትን ነገር በራሷ ፊት ላይ መሸከም የልጅቷ ፋንታ መሆኑ ትዝ ያላት ያኔ ነው። የምታጽናናበትን ቃል እየፈለገች በሩ ላይ ቆመች።

እናትፋንታ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራ ነበር።

«አየሽልኝ? ልክ ፎቶ የምንነሣበትን ቀን ጠብቆ ብጉር ወጣብኝ። ምን ይዋጠኝ?» ትላለች። ምንታምርን ስታያት ስልኩን ዝቅ አደረገች፤ ዓይኖቿ ያበራሉ።

«ዶክተር፣ የክፍሌ ልጆች ስለ ብጉራቸው ሲያማርሩ እኔ ምንም የምለው አልነበረኝም» አለቻት በሹክሹክታ። «ሲያዩኝ ወሬውን ያቆሙ ነበር። አሁን አያቆሙም።»

ከዚያም ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ ማማረሯን ቀጠለች። ምንታምር በሩን ቀስ ብላ ዘግታላት ወጣች።