የጸጥተኛዋ እንግዳ ምስክርነት

ሽማግሌው የሞቱት በገዛ ክሊኒካቸው፣ አልጋ ቁጥር ሁለት ላይ፣ በወባ ነው። አርባ ዓመት ወባ ሲያክሙ የኖሩ ሰው! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ ነው። የአስከሬን ሐኪሙ ከደማቸው ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ ገዳይ የምትባለው የወባ ተህዋሲ እንደ ጉንዳን ስትርመሰመስ አገኛት።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ አልጋው ተነጥፏል። የሟቹ አንድያ ልጅ፣ የክሊኒኩ ዶክተር፣ ጫፉ ላይ ኩርምት ብላለች። ጤና ቢሮው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀጥሯታል፤ «በቸልተኝነት አባቷን ገደለች» ተብሎ ፈቃዷ ሊነጠቅ፣ ከዚያም ወደ እስር ቤት ልትሸኝ።

«ትኩሳቱ መቼ ጀመራቸው?»

«ቆላ ወርዶ ዓሣ ሲያጠምድ ሰንብቶ ነበር። ከተመለሰ በአሥረኛው ቀን።»

«መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ይታየኛል። ለምን አልሰጠሽም?»

«ደሙ ሁለት ጊዜ ታየ፤ ሰኞና ማክሰኞ። ሁለቱም ንጹሕ ነው ተባለ። ደም ታይቶ ካልተረጋገጠ ኪኒን አይሰጥም፤ የዚህ ቤት ሕግ ነው። ያወጣው ራሱ አባዬ ነው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

ዶክተሯ አንገቷን ደፋች። «‹ወባ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ስጪኝ ልጄ› አለኝ። እኔም ‹ሕግህን ላፍርስልህ እንዴ?› ብዬ ሳቅሁበት።»

መርማሪዋ ወደ ላብራቶሪው አለፈች። ደም የሚያነበው ሰውዬ፣ ቅጽል ስሙ አጉሊ፣ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይል ተቀበላት።

«ንጹሕ ነው ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አንብቤ ያቺን ገዳይ ሳትካት ካሉኝ ዓይኔን አውጥቼ እሰጥዎታለሁ።»

«መስታወቱ ላይ ስንት ቦታ አየህ?»

«መቶ። ሕጉ መቶ ነው፤ መቶ ላይ አቆማለሁ።»

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ከሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ሲያስነጥሳቸው እንኳ ሰው ይቆጡ ነበር።» ደም የተቀባባቸውን መስታወቶች የያዘ ሣጥን ገፋላት። «ወር ሳይሞላቸው አይወገዱም። ካላመኑኝ ያስነብቡ።»

ሣጥኑን ያዘች።

ሦስተኛው ተጠያቂ የሟቹ የእህት ልጅ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ እዚህ ቤት ገብቶ ሃያ ዓመት ስለኖረ ሁሉም «ቤተኛ» ይለዋል። የበሽተኛ ጣት ወግቶ፣ ደሙን መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ስም የሚጽፈው እሱ ነው። ለመርማሪዋ ወንበር ሳበላት፣ አቧራውንም በእጅጌው ጠረገላት። እንዲህ ያለ ትሕትና ያሳክካል።

«ጣትህን ምን ነካህ?» አለችው። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው።»

«ትውልድህ የት ነው?»

«ቆላ። እናትና አባቴ ሲሞቱ አጎቴ አመጡኝ።»

«ወባ ይዞህ ያውቃል?»

«በልጅነቴ። ከዚያ ወዲህ እግዜር ይመስገን ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም።»

መርማሪዋ ከመሄዷ በፊት ከሦስቱም አንዳንድ ጠብታ ደም አስወሰደች። ቤተኛ ፈገግ ብሎ ጣቱን ዘረጋ። ምን ያስፈራዋል? ትኩሳት የለበት፣ ገዳይዋ የለችበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስቱን ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደጅ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ዶክተሯ ለቀጠሮዋ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ነው።

«አጉሊ አልዋሸም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የሽማግሌው ስም ያለባቸው ሁለት መስታወቶች ላይ ገዳይዋ የለችም። ሌላ ላብራቶሪ ወስጄ መቶ ሳይሆን ሺህ ቦታ አስነበብኩ። ሌላ ዓይነት የወባ ተህዋሲ ግን ተገኘች። አንዲት እዚህ፣ አንዲት እዚያ።»

«የትኛዋ?» አጉሊ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጸጥተኛዋ። ሰው ደም ውስጥ ተሸሽጋ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት የምትኖረው። ባለቤቱ መኖሯንም አያውቅ። በሽማግሌው አስከሬን ውስጥ ግን ፈልገን አጣናት፤ ያለችው ገዳይዋ ብቻ ናት። እንግዲህ መስታወቱ ላይ ያለው ደም የማን ነው? ትናንት ከወሰድኩት ደም ጸጥተኛዋ የተገኘችው በአንዱ ብቻ ነው። ቆላ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወባ ይዞት፣ ከዚያ ወዲህ ራሱን እንኳ አሞት የማያውቅ ሰው።»

ሁሉም ወደ ቤተኛ ዞሩ።

«የአጎትህን ጣት ወጋህ፣ ደሙን ጣልክ፣ የራስህን ቀብተህ በስማቸው ጻፍክ። ሰኞ አንድ ጣት፣ ማክሰኞ አንድ ጣት። የሌላ ሰው ደም ብትጠይቅ ምስክር ይሆንብሃላ!»

«ሽንኩርት ነው አልኩ እኮ!»

«አንተ?» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ለአባዬ ሳትቀዳለት ውሃ እንኳ የማትጠጣው?»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ይህ አጎትህ ለአንተ የጻፉልህ ደብዳቤ ቅጂ ነው፤ ከመሳቢያቸው የተገኘ። ‹የሙያ ምስክር ወረቀትህ ፎርጅድ መሆኑን ደርሼበታለሁ። እስከ ዓርብ ራስህ ሄደህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።› ሐሙስ ሞቱ። ተምረህ ቢሆን ኖሮ፣ ቆላ ያደገ ሰው ደም ዝም ስላለ ንጹሕ ነው እንደማይባል ታውቅ ነበር።»

ቤተኛ በፕላስተር የተጠቀለሉትን ጣቶቹን አየ። «ሃያ ዓመት ውስጤ ስትኖር እንዴት ምንም አላለችኝም?»

«ምን ትበልህ?» አለች ዶክተሯ። «የምትኖርበት ቤቷ ነህ። የተጠለለችበትን ቤት አታቃጥልም። እሷ ካንተ ትሻላለች።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጣቱን ለመሸሸግ እጁን ኪሱ ሊከት ሲሞክር ካቴናው ከለከለው።

መርማሪዋ ወረቀቷን ሰብስባ «በይ ልብስሽን ቀይሪ» አለች። «ቢሮው ደውሏል፤ ቀጠሮው ቀርቷል። ጥፋት የለብሽም።»

ዶክተሯ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የወባውን ኪኒን አወረደች። ማሸጊያው አልተነካም።

«መግደሉን እሱ ገደለው» አለች። «‹ስጪኝ ልጄ› ሲለኝ የሳቅሁበት ግን እኔ ነኝ።»