ባለ አንድ አምፖል ራዲዮ

«ቆፍረሽ ቅበሪው! ዛሬውኑ!» አለ ያረጋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አባቷ እንዲህ ዝቅ ሲል ከጩኸቱ ይብሳል።

ማስተዋል ከራዲዮዋ ፊት ንቅንቅ አላለችም። ጣውላ ላይ የተዘረጉ ሽቦዎች፣ በተርታ የተሰካኩ ዘጠኝ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪዎች፣ መሐል ላይ ደግሞ ውስጧ እንደ ፍም የቀላ የመስታወት አምፖል።

«ምን አጠፋሁ አባየ?»

«ሐጅ አደም ትናንት ጠርቶ ‹ልጅህ ከማን ጋር ነው የምታወራው?› አለኝ። ጦርነት ባለበት በሱዳን አገር፣ ወረቀት የሌለው ሐበሻ፣ በሰው ጣሪያ ላይ ሽቦ ዘርግቶ! ምን ልበል? ‹ጥላዋለች› አልሁት።»

«አልጣልሁትማ።»

«ካከራየን ቤት ቢያስወጣንስ? ራዲዮ ከፈለግሽ ገዳሪፍ ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«የገበያውን እኔ አልሠራሁትም።»

ነገሩን ያመጣው ራሱ ያረጋል ነበር። ከድንበሩ አጠገብ ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ አጭዶ ሲመለስ፣ ምስጥ የበላው ትልቅ የእንጨት ራዲዮ ለማገዶ ብሎ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ሣጥኑ ነደደ፤ ሆድ ዕቃውን ማስተዋል ወሰደችው። ስልኳ ላይ ካወረደችው ቪዲዮ እየተማረች፣ የመዳብ ሽቦ በማርከር ላይ እየጠመጠመች አራት ወር ፈጀች። ጣቷ ተቃጠለ። ባትሪው አንዴ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አነዘራት። ኔትወርክ ጠፍቶ ስልክ ሁሉ ድንጋይ በሆነበት ሳምንት፣ በአምስተኛው ጥምጥም፣ ማዳመጫው «ሽሽሽ» አለ፤ ሰሊጥ ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ እንደሚያሰማው። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ኤፍ ኤም! ያን ቀን ብቻዋን ጨፍራለች።

አባቷ ወጣ እንዳለ ረሒማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት። ረሒማ የአከራያቸው የሐጅ አደም ልጅ፣ የማስተዋልም የልብ ጓደኛ ናት።

«ማስቱ፣ ያንን ነገር ስትከፍቺ የእኛ ራዲዮ ሽሽሽ ይላል። አባቴ ዜና መስማት አቃተው። ‹መልእክት ትልካለች› ያለው ለዚህ ነው። ‹እኔ አይደለሁም፣ ከስልክ ማማው ነው› በይው። ወላሂ ያምንሻል!»

ማስተዋል ክው አለች። ቪዲዮው ላይ ሰውየው «እንዲህ ያለ ራዲዮ በአንቴናው በኩል ትንሽ ጩኸት ያፈሳል» ሲል ሰምታ ነበር፤ ሰምታም አልፋዋለች። ሰላይ አይደለችም። የሚረብሸው ግን እውነትም እሷ ናት።

የማማው ውሸት ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ራዲዮዋን እንደ ሌባ ተደብቃ ልትከፍት ነው።

«እኔ የሠራሁትን የምደብቀው ለምንድን ነው?» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል!»

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሐጅ አደም እንደ ልማዱ ደጁ ላይ ከኒሙ ዛፍ ሥር ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጧል። ማስተዋል ራዲዮዋን በሰፊ ትሪ ተሸክማ መጣች። ያረጋል ከኋላዋ «ተመለሺ! ማስቱ!» እያለ ደረሰባት። አልተመለሰችም።

«ሐጅ፣» አለች በዐረብኛ፣ «አባየ ‹ጥላዋለች› ያለዎት ፈርቶ ነው። አልጣልሁትም።»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከማንም። መናገሪያ የለውም፤ ይፈትሹት። ራዲዮዎን የምረብሸው ግን እኔ ነኝ። ይክፈቱትና ላሳይዎት።»

ሐጅ አደም አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ራዲዮውን ከፈተ። ማስተዋል ባትሪውን ስታገናኝ አምፖሏ ቀላች፤ የዜና አንባቢው ድምፅ በ«ሽሽሽ» ተዋጠ። ስትነቅለው ተመለሰ። ሐጅ አደም «ድገሚው» አላት። ደገመችው። ከዚያ ባትሪውን እንዳገናኘችው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ማን ሠራልሽ?»

«እኔ አልሁዎት እኮ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሐጅ አደም አልሳቀም።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እየረበሽሽኝ እንዴት ልተውሽ?»

«አምፖሏ ውስጧ ሁለት ክፍል አላት፤ የሠራሁት በአንዱ ብቻ ነው። ሌላውን ከአንቴናው ጋር ባገናኘው ጩኸቱን ያግደዋል። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

«ካላገደውስ?»

«እንደገና እሠራዋለሁ። አልጥለውም።»

ሐጅ አደም ልጅቱን አየ፤ አባቷን አየ።

«አንድ ሳምንት። እስከዚያ ሽቦው ይውረድ። ያረጋል፣ አንተም ዳግመኛ እንዳትዋሸኝ።»

«ሐዲር፣ እሺ ሐጅ» አለ ያረጋል፣ አንገቱን ደፍቶ።

እቤት ሲገቡ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሽቦውን ራሱ አወረደው፤ ሳይቆጣ ጠቅልሎ አጠገቧ አስቀመጠላት። ማስተዋል መበየጃውን ከሰል ውስጥ ከታ እስኪግል ትጠብቅ ነበር።

«የሚሠራውን ልትፈቺው ነው?»

«ካልፈታሁት ሌላው ክፍል አይገባም።»

«ተመልሶ ባይሠራስ?»

አራት ወር የፈጀባትን ጥምጥም አየችው።

«ጣውላውን ያዝልኝ፣ አባየ» አለችና የመጀመሪያውን ብየዳ አቀለጠችው።