ተጽፎ ያልተላከ

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። ከመጨረሻዋ በቀር በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። "ፈጠራ ነው" የሚለኝ ካለ አልከራከረውም... ፈጠራ ቢሆን ከሁሉም በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሰዓቱን የምነግራችሁ ሌሊት እንዳይመስላችሁ ነው። ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ነፋስ እንኳን አልነበረም።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራም እጭናለሁ፣ አክቲቬት አደርጋለሁ፣ ኢሜል አስተካክላለሁ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከቢሮ ቢሮ እዞራለሁ። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ስልኬ ከጮኸ ወይ ደንበኛ ነው፣ ወይ የተሳሳተ ቁጥር።

የዚያን ቀን የደወሉልኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው... አጠገባቸው ሕፃን የተኛ ይመስል።

"ልጄ፣ አዲስ ኮምፒውተር ተልኮልኝ ነበር። የመጻፊያው ፕሮግራም የለበትም። ኢሜሉም አልከፍት አለኝ። ለነገ ጠዋት የሚደርስ ሥራ አለብኝ።"

"ዛሬ እሁድ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ለእኔ ያው ነው።"

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ያው ነበር። ሄድኩ።

አምስት ፎቅ ያለው አሮጌ ሕንፃ ነው። ሊፍቱ ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። በሩ ላይ አንድ ጥበቃ ተቀምጧል።

"እትዬ ታይፕ ጋ ነህ?" አለኝ ቦርሳዬን አይቶ። "አራተኛ ፎቅ። ከሳቸው ሌላ ሰው ስለሌለ አትሳሳትም።"

እትዬ ታይፕ... በታይፕራይተር ዘመን የተቀጠሩ ጸሐፊ ስለሆኑ የወጣላቸው ቅጽል ነው። ይሄን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

"ትክክለኛ ስሜን የሚያውቀው ሁሉ ጡረታ ወጥቶ አለቀ" ብለው ፈገግ አሉ።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ሰባት ጠረጴዛ አለ። ስድስቱ በላስቲክ ተሸፍነዋል። ቤቱ የትርጉም ቢሮ ነበር፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው አንድ በአንድ ለቀቀ። የቢሮው ባለቤት ታሞ ቤቱ ነው የሚውለው። የመጣውን ሥራ በኢሜል ይልክላቸዋል፣ እሳቸው ተይበው ይመልሱለታል። በቃ። ሁለት ዓመት እንዲህ ብቻቸውን።

ዲስኩን ከትቼ ፕሮግራሙን መጫን ጀመርኩ። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል... አሥር በመቶ... አሥራ ሁለት...

ጊዜ እንዲገፋልኝ ወሬ ጀመርኩ። ገና ሁለት ቃል ሳልናገር እትዬ ታይፕ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ ብለህ አውራ።"

"ማን አለ?"

"ማንም የለም።" ዞር ብለው ክፍሉን አዩ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጮክ ብዬ ሳወራ... እንጃ፣ የምረብሸው ሰው ያለ ይመስለኛል።"

ብቸኝነት ነው ብዬ አለፍኩት። እኔም ቤቴ ውስጥ በሩን ስዘጋ ቀስ አድርጌ ነው የምዘጋው። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

ፕሮግራሙ ተጭኖ አለቀ። ቀጥሎ አክቲቬት ማድረግ፣ ማለትም በፈቃድ ቁጥሩ ማስከፈት ነው። የፈቃዱ ካርድ አዲስ ነው፤ ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሃያ አምስቱን ፊደልና ቁጥር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ አነበቡልኝ።

ተቀበለ።

ገጹ ላይ ግን አንድ መስመር አለ። "በዚህ ፈቃድ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች፦ ሁለት።"

"እትዬ፣ ሌላ ኮምፒውተር አለዎት?"

"አሮጌው ብቻ። እሱም ሞቷል።"

አሮጌው ጠረጴዛው ሥር አለ። ክዳኑ ተነስቷል፣ ዲስኩ ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ገመድ እንኳን የለውም።

ሁለተኛው ኮምፒውተር መጨረሻ የሠራበትን ሰዓት ተመለከትኩ።

"አሁን" ይላል።

"ስህተት ነው" አልኩ። ባለሙያ ሲፈራ መጀመሪያ የሚመጣለት ቃል እሱ ነው... ስህተት ነው።

ወደ ኢሜሉ አለፍኩ። የይለፍ ቃሉን ከማስታወሻ ደብተራቸው ጀርባ ገልብጬ አስገባሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። እትዬ ታይፕ እስከዚያ ቀን ኢሜላቸውን የሚከፍቱት በኢንተርኔት ገጽ ነበር። የመጣላቸውን አይተው፣ መልሰው፣ ይዘጋሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ግን ሁሉንም ነገር ጎትቶ ነው የሚያወርደው። ተጠቃሚው ገብቶባት የማያውቃት ጓዳ ሳትቀር።

መውረድ ጀመረ።

የመጡ ደብዳቤዎች፦ 1,112። ሁሉም ከባለቤቱ።

ድራፍት፦ 9,874።

"ድራፍት ምንድን ነው?" አሉኝ ከትከሻዬ በላይ።

"ተጽፎ ያልተላከ ደብዳቤ ነው።"

"እኔ ጽፌ ያልላክሁት የለም።"

አንዱን ከፈትኩ። ተቀባይ የለውም። ርዕስ የለውም። አንድ መስመር ብቻ...

"ዛሬ ቀድማ መጣች። ጫማዋ ጠቧታል።"

ሌላ ከፈትኩ።

"ምሳዋን ቆማ በላች።"

ሌላ።

"ብቻዋን ሳቀች። ምን አስቧት ይሆን?"

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው። ዞሬ አየኋቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

"ማን ነው የጻፈው?" አሉ በሹክሹክታ።

"የይለፍ ቃልዎን ሌላ ማን ያውቃል?"

"ባለቤቱም አያውቀውም።"

ወደ ላይ ሄድኩ... ወደ አዲሶቹ። የመጨረሻው የተጻፈው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። እኔ በሩን ባንኳኳሁበት ደቂቃ።

"ሰው አስገባች። ደስ አላለኝም።"

ቁጥሩ ተቀየረ። 9,875።

"ማንበብ ጀመረ።"

ተነስቼ ጣሪያውን አየሁ። ካሜራ የለም። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ባዶ ሰማይ ነው። ጎንበስ ብዬ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። ከዚህ በኋላ ምንም ነገር ወደዚያ ኮምፒውተር ሊገባ አይችልም። ይሄ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ሥራዬ ነው፤ አይችልም።

9,876።

"ገመዱን ነቀለው።"

9,877።

"ለማንም አይነግርም። የሚነግረው ሰው የለውም።"

ከጠረጴዛው የራቅሁት ያኔ ነው። ከአስፈሪነቱ ይልቅ... እውነት ስለሆነ።

"እትዬ፣ ቦርሳዎን ይያዙ። እንውጣ።"

አልተንቀሳቀሱም። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

"'እህቷ' የሚል ቃል ፈልግልኝ።"

"እትዬ..."

"ፈልግልኝ፣ ልጄ።"

ጻፍኩት። አንድ ብቻ ወጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት።

"እህቷን ቀብራ ወደ ሥራ ተመለሰች። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። እኔ ልላት አልቻልኩም።"

እትዬ ታይፕ መነጽራቸውን አወለቁ። በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። ደግመው ጠረጉት።

"እውነቱን ነው" አሉ። "ያኔ ሁለት ሰዎች እዚህ ይሠሩ ነበር። ጥቁር ለብሼ ነው የመጣሁት። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።"

"አካውንቱን ላጥፋው። አዲስ እከፍትልዎታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ተው።"

"እትዬ፣ እርስዎን የሚከታተል ሰው አለ እኮ።"

"ገባኝ።" "ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ተቀመጥኩ። የሚያየኝ መኖሩን ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው።"

ቁጥሩ በአንድ ጨመረ።

ሁለታችንም አልከፈትነውም።

ገመዱን መልሼ ሰካሁት፤ ለነገ ሥራ አለባቸው። እስከ በሩ ሸኙኝ። ደረጃውን ስወርድ እየሮጥኩ እንዳልሆነ ለራሴ ነገርኩት። እየሮጥኩ ነበር።

ረቡዕ ዕለት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደወሉ። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ...

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድራፍቱ ላይ እኔም ብጽፍ... ሳልልከው... ያነበዋል?"

ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ መለስኩላቸው።

"አንድ አካውንት ላይ እስካላችሁ ድረስ ያነበዋል።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"ቆይ፣ እትዬ። ምን ብለው ሊጽፉ ነው?"

አጠገባቸው አንድ ነገር ሲጢጥ አለ... የወንበር ድምፅ ይመስላል።

"ና ልለው ነው" አሉኝ። ስልኩ ተዘጋ።

ያኔ ልሄድ ይገባኝ ነበር። አልሄድኩም። ራት በላሁ፣ ተኛሁ። ፈራሁ ማለት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሐሙስም አርብም ደወልኩ... ይጠራል፣ አይነሳም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሕንፃው ጋ ደረስኩ። ጥበቃው ገና ሲያየኝ ቆመ።

"እትዬ ታይፕ የሉም" አለኝ። "ሐሙስ ከወጡ አልተመለሱም። ቤታቸውም ሰው ሄዶ አይቷል፣ የሉም። የሕንፃው ባለቤት ክፍሉን ልቀቁልኝ ብሎ ዕቃ እየወጣ ነው።"

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጠረጴዛዎቹ ተወስደዋል። ሁለት ተሸካሚዎች ከእትዬ ታይፕ ወንበር ጀርባ የነበረውን የብረት ፋይል ሳጥን ይገፋሉ። ሳጥኑ ፈቀቅ ሲል ከኋላው ጠባብ በር ወጣ።

በሩ በእኛ በኩል እጀታ የለውም።

አንደኛው ተሸካሚ በብረት ፈለቀቀው። "ዕቃ ካለ ብዬ ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ዕቃ የለም። ክንድ ዘርግተህ ግራና ቀኙን ግድግዳ የምትነካበት ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ሶኬት የለውም። አንድ ሽቦ እንኳን የለም።

አንድ ወንበር ብቻ አለ... ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ከግድግዳው ወዲያ፣ በቢሮው በኩል፣ እትዬ ታይፕ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚቀመጡበት ነው።

ወለሉ ላይ ያለው አቧራ ጫማ ይውጣል። ወንበሩ ላይ ግን አቧራ የለም። ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀለሙ አንድ ቦታ ብቻ ተልጦ ሲሚንቶው ታይቷል። የተቀመጠ ሰው ግንባር የሚያርፍበት ቁመት ላይ።

ተሸካሚው በሩን መልሶ ዘጋው።

ስወርድ ጥበቃው አጠገብ ቆምኩ።

"ሐሙስ ሲወጡ ብቻቸውን ነበሩ?"

ወንበሩን ወደ እኔ አቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ብቻቸውን ናቸው። ግን በሩን ከፍተው ያዙት። ቆሙ። ደረጃ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሽማግሌ ሲጠበቅ እንዴት ነው? እንደዚያ። 'አይዞህ፣ ደርሰናል' ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ለቀቁት።"

"ማን ነበር?"

"ማንንም አላየሁም፣ ወንድሜ። እኔ እዚህ ቤት ስምንት ዓመቴ ነው፤ እትዬ ታይፕ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።"

"ከዚያስ?"

በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተኝ። የእግረኛው መንገድ ላይ ሰው ይተራመሳል።

"በዚያ ሄዱ። የመንገዱን ጫፍ ይዘው፣ ከጎናቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው። እኔ ከዚህ ሆኜ እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው።"

ወደ መንገዱ ደግሞ አየ።

"የምሳ ሰዓት ነው፣ መንገዱ ጢም ብሏል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ሁሉ... ያንን ባዶ ቦታ እየዞረው ነበር የሚያልፈው።"