ዝናብ ያላቋረጠው ትምህርት

ኢንስፔክተር ገቢሳ ጎንበስ ብሎ መምህር ስለሺን ሲያያቸው፣ ከጭንቅላታቸው የፈሰሰው ደም ረግቶ ጠቁሯል። ሽማግሌው ከጥቁር ሰሌዳቸው ሥር ተደፍተዋል፤ በሩን ይደግፉበት የነበረው ብሎኬት አጠገባቸው ወድቋል። ሰሌዳው ላይ አንድ የስፓኒሽ ግስ በኃላፊ ጊዜ ረብቶ፣ ሳያልቅ ቀርቷል። አብሌ፣ አብላስቴ፣ አብሎ፤ ተናገርኩ፣ ተናገርህ፣ ተናገረ።

ገቢሳ በልቡ አጭር ጸሎት አደረሰ፤ ከዚያ ንዴቱ መጣ። በልጅነታቸው ኩባ ሄደው የተማሩትን ቋንቋ አሶሳ ተመልሰው ለሰው ልጆች ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው እንዲህ መውደቅ አልነበረባቸውም።

ግቢው ውስጥ ተማሪያቸው ኦመር፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ በካቴና ታስሮ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። እጁ ደም ነክቶታል። ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው «አውጡልን!» እያለ ይጮኻል።

«ወላሂ ጌታዬ፣ እኔ ሲገባ መምህር ሞቶ ነው! ላንሳው ብሎ ያዘው፣ ከዚያ ጮኸ። ገዳይ ሰው ይጠራል እንዴ?»

«ዝም በል አንተ!» አለ እዩኤል። እሱ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ አሁን ሀቫና የነጻ ትምህርት ዕድል አለ እያለ ገንዘብ እየተቀበለ ወጣቶችን ይመዘግባል። «ከሬሳው ላይ ነው የያዝኩት፤ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

ገቢሳ ከመምህሩ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ወደሚዋሰኑት ወደ አከራይዋ ወደ እትዬ መነን ዞረ። በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሴት ናቸው።

«ምን ሰሙ እትዬ?»

«አዬ፣ ምኑን ልንገርህ! እዩኤል እኔ ዘንድ ምሳ እየበላ ነበር። ስለሺ በግድግዳው ማዶ ‹አብሌ፣ አብላስቴ› ይላል እንጂ! እሷን ግስ ከመስማቴ ብዛት እኔው ኩባ ልሄድ ምንም አልቀረኝ።»

«ዝናቡ ሲመጣስ?»

«መቼ ተወ! ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምርም ይሰማኛል፤ በኋላ ዝናቡ ዋጠው። ሲያባራ ያው ነው፣ ‹አብላሞስ› ይላል። ይህ ልጅ በአጥሩ በር ሲገባ ጸጥ አለ። ወዲያው ጩኸት!»

ሜቲ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ለሀቫናው ትምህርት ስትል የነርስነት ሥራዋን የለቀቀች ተማሪ ናት።

«ሜቲ፣ መምህር ዝናብ ሲዘንብ እንዴት ነበር የሚያስተምሩት?»

«በዚህ ቆርቆሮ ሥር ማን ማንን ይሰማል? ጠብታ ስትጀምር አፋቸውን ዘግተው ጠመኔ ያነሳሉ፤ እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን። ‹ከሰማይ ጋር አልከራከርም› ይላሉ።»

«መደርደሪያው ላይ ያለው ብሉቱዝ ስፒከርስ?»

«ግሶቹን በድምፃቸው ቀድተው ለእኛም ለቀድሞዎቹም በየስልካችን ሰጥተውናል። ክፍል ውስጥ በእሱ እንሰማለን።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ዛሬ ጠዋት ደውለው ‹ሁላችሁም ኑ፣ ስለ ሀቫናው የምነግራችሁ አለ› አሉኝ። እንዲያ ተቆጥተው ሰምቻቸው አላውቅም።»

ገቢሳ ሁሉንም ወደ መማሪያ ክፍሉ አስገባ። ሬሳው ላይ ነጠላ ተደርቧል።

«እትዬ መነን የሰሙት እውነት ነው» አለ በቀስታ። «ድምፁ የመምህር ነው። ግን ኦመር ሲገባ ገና በሕይወት ከነበሩ፣ እኛ ስንደርስ ደማቸው እንዲህ ረግቶ ባልጠቆረ፤ ጣቢያው እኮ እዚሁ ማዶ ነው። ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ዝም የሚሉ ሰው ዛሬ ለምን ማስተማራቸውን ቀጠሉ? ዝናቡን ስላልሰሙት ነው። የሚናገረው የተቀዳ ድምፅ ነበር።»

«እና ይሄው ኦመር ከፍቶት ይሆናላ!» አለ እዩኤል።

«ኦመር ከዝናቡ በፊት እዚህ አልነበረም። ሰውዬው ከሞቱ በኋላም በሕይወት እንዲመስሉ የሚያስፈልገው፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ቤት መታየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ስፒከሩን ከግድግዳ ማዶ ለማስጀመርም፣ ኦመር ሲገባ ዝም ለማሰኘትም ስልክ ይበቃል።» ገቢሳ ስፒከሩን አበራው። «ይሄ ዕቃ ሲበራ መጨረሻ ያጫወተውን ስልክ ይፈልጋል። ሜቲ፣ እስቲ ለእዩኤል ደውይለት።»

ደወለች። የእዩኤል እጅ ወደ ኪሱ ሮጠ፤ ጥሪው ግን ከመደርደሪያው ላይ አንባረቀ።

እዩኤል ወደ በሩ ሲያይ ከገቢሳ ጋር የመጣው ፖሊስ ቀድሞት ቆመ።

«ሀቫና የሚባል ዕድል የለም፣ አይደል?» አለችው ሜቲ። «ሥራዬን አስለቅቀኸኝ!»

«በእናንተ ፊት ሌባ ሊለኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «እኔን! ያሳደገኝ ሰውዬ!»

«ያሳደገህን ነው የገደልከው» አለ ገቢሳ። ጥርሱን ነክሶ፣ የኦመርን ካቴና ፈትቶ እዩኤል እጅ ላይ ቆለፈው።

እትዬ መነን አቀረቀሩ። «ልጄ ኦመር፣ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታ በኋላ ነው እትዬ። መምህር መሬት ላይ ነው።»

ቃሬዛ ቀረበ። ኦመርና ሜቲ በራስጌ፣ ገቢሳ በግርጌ ያዙ። ከአጥሩ ውጭ ሲጮኹ ከነበሩት ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ሊያግዙ ገቡ።

ኦመር ቀና ብሎ አያቸው።

«እናንተ አትነካው» አለ።

ሁለቱ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ መንገዱንም ለቀቁ።