ብሏ የተገኘችበት ቦታ

«‹የተገኘችበት ቦታ፦ ፉሪ፣ ሜዳ ላይ።› በቃ ጻፊው አቦ!» አለች ራቢአ።

ሩታ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ክፍሉ ባዶ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ቲቸር ገነት ፕሮጀክቱን ትሰበስባለች፤ ሁለት የእሳት እራቶችን አወዳድሩ ነው ያለቻቸው።

አንደኛዋን የሩታ አጎት ነው ከሆለታ ያመጣላት። እዚያ የጉሎ ቅጠል እያበላ የሐር ትል ያረባል። ክንፏን ስትዘረጋ የሩታን መዳፍ ትሸፍናለች። ሁለተኛዋ ብል ናት። ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ ሌሎች የእሳት እራቶች መብራት ሲያዩ ይንጋጋሉ፣ እሷ ትሸሸጋለች። ሩታን የገረማት ግን ሁለቱም ክንፍ ካወጡ በኋላ ምንም አለመብላታቸው ነው። በልተው የሚጨርሱት ትል እያሉ ነው። ያቺ የበላችውን ክር አድርጋ ታወጣዋለች፣ ይቺ የሰው ሱፍ ትጨርሳለች።

ሠንጠረዡ ሞልቷል። የቀረው ብሏ የተገኘችበት ቦታ ብቻ ነው። ያገኘቻት ደግሞ ራቢአ ናት፤ አባቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከተሰቀለ የሱፍ ኮት ላይ።

«‹ሱቃችን› ብለሽ ከጻፍሽ እኮ ፕሮጀክቱ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል! ከዛ ማን ይገዛናል?»

«ለብል ነፍታሊን አታደርጉም እንዴ?»

«አባዬ አይወድም። ከሸተተ ሰው አዲሱን ኮት ‹ሳልቫጅ ነው› ይላላ።»

ሩታ ሳቀች። ራቢአ አልሳቀችም።

«ቆይ፣ አባትሽ ያውቃሉ?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ አሁንም እየተበላ ነዋ!»

«ሩቲ፣ ፉሪ በይና እንገላገል። ብል ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች የሚል ሰው የለም።»

«ቲቸር ገነት ትላለች።» ሩታ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ብሏ ያለችበትን ብልቃጥ አነሳች። «ተነሺ፣ ሱቅ እንሂድ።»

«አበድሽ? ሰዓት ያልፈናል! ማርካችንስ?»

«ይለፈን።»

ራቢአ እየተነጫነጨች ተከተለቻት።

ሱቁ ውስጥ ደንበኛቸው እትዬ ተረፈች ግራጫ የሱፍ ኮት ለብሰው መስታወት ፊት ይዞራሉ። «ሱሉልታ ላለችው ልጄ ነው፣ የዛ አገር ብርድ አይቻልም» ይላሉ። የራቢአ አባት ኦቦ ኢብሮ ፌስታል እያወጡ ነው።

ራቢአ የሩታን እጅጌ ጎተተች። «ቢያንስ መጀመሪያ እትዬ ተረፈች ይሂዱ» አለች በሹክሹክታ።

ሩታ ብልቃጡን በመዳፏ ሸፍና ወደ ባንኮኒው ተጠጋች።

«አካም ኦልታኒ ኦቦ ኢብሮ» ሰላም አለቻቸው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኮቱን ፌስታል ውስጥ ሳይከቱት አንዴ ወደ ጓዳ ይምጡ። እኔና ራቢአ የምናሳይዎት ነገር አለ።»